ሎድ መሙያው ክፍለ ጊዜ፦ ሙዚቃን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳስተምር ያየሁት

ሙዚቃ አስተምራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የቋንቋ መምህር ነኝ። የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ሎዴ፣ ማለትም በሳምንት ማስተማር ያለብኝ ክፍለ ጊዜ፣ አልሞላም ነበር። ፕሮግራም የሚያወጣው ባልደረባችን ወረቀቱን ይዞ መጣና «እነዚህን የሙዚቃ ክፍለ ጊዜዎች አንተ ያዛቸው፤ ቀላል ናቸው፣ እርማት የላቸውም» አለኝ። በመንግሥት ትምህርት ቤት የሠራ ሰው ነገሩ አይገርመውም። ሙዚቃና ሥዕል የሚደርሱት ለሚችላቸው ሰው ሳይሆን ሰዓት ለጎደለው ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሳያስበው የሙዚቃ ክፍል ውስጥ ለተገኘ መምህር ነው። «ልጄ ትምህርት ቤት ሄዶ ለምን ይዘፍናል?» ለሚል ወላጅም ይሆናል። ሌላው ሰው ሁሉንም ከዜሮ እንዳይጀምር ብዬ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በጠመኔ አለቀ። አምስት መስመር ይሰመራል፣ ኖታ ይሣላል፣ ትርጉም ይጻፋል። ምት ምንድን ነው? ዜማ ምንድን ነው? የሙዚቃ መሣሪያዎች በስንት ይከፈላሉ? ልጆቹ ጸጥ ብለው ገለበጡ። ፈተና ሰጠሁ፤ ጥሩ ማርክ አመጡ። ማንም አልተማረረም። ርእሰ መምህሯም ክፍሉ ስለማይረብሽ ደስ ብሏት ነበር።

የፈተናውን ወረቀት በመለስኩበት ቀን ትንሽ ሰዓት ተረፈን። «እስቲ ሁላችሁም ከእኔ ጋር እኩል አጨብጭቡ» አልኳቸው። ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ነው የመሰለው። ከ10 10 ያመጣችው ልጅ መጀመሪያ እጇን አየች፣ ከዚያ የጎረቤቷን እጅ አየች፣ መጨረሻ ላይ ተወችው። ስልሳ ምናምን ልጅ የምትን ትርጉም በቃሉ ይወጣዋል። አንድ ምት ላይ አብሮ መቆም ግን አይችልም። የሙዚቃ ትምህርት ተሰጥቷል ተብሎ ሪፖርት የሚደረገው ብዙ ቦታ ይሄው ይመስለኛል፤ የተጻፈ ነገር አለ፣ የተሰማ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የጀመርኩት ነገር በጣም ተራ ነው። ስም መጥራትን በምት አደረግነው። እግር መሬት ይመታል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ስሙን በጭብጨባ ይላል። ሣ-ራ፣ ሁለት ጭብጨባ። ሰ-ላ-ማ-ዊት፣ አራት። ክፍሉ ስሙን ተቀብሎ ያንኑ ይመልስለታል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ችግሩ ልጆች ደስ ሲላቸው ይፈጥናሉ። አሥረኛው ስም ላይ ስንደርስ ሩጫ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ልጅ ፊት ወጥቶ ዴስክ በእርሳስ እንዲመታ አደረግኩ። ሥራው አለመፍጠን ብቻ ነው። «ለረባሹ ልጅ ኃላፊነት ስጠው» የሚል ምክር ሰምቼ ስለነበር መጀመሪያ ለእሱ ሰጠሁት። ክፍሉን ይዞት ነጎደ። የተሳካልን ምት መያዙ ለሁሉም በየተራ ሲደርስ ነው። ዝም ብላ ጥግ የምትቀመጠው ልጅ ምቱን እንደዚያ አጥብቃ ትይዘዋለች ብዬ አልገመትኩም ነበር።

ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ይንተባተባል። ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ስለሚታገል እጁን ብቻ እያነሣ ያልፍ ነበር። በምት መጥራት በጀመርን ቀን ተራው እየቀረበ ሲመጣ እኔ ጨነቀኝ። ልለፈው? ልጠብቀው? እግሮቹ ግን ይመታሉ፤ ምት ማንንም አይጠብቅም። ልጁ ስሙን ምቱ ላይ አስቀመጠው። አልተሰበረም፣ አልተደገመም። ክፍሉ መለሰለትና ወደሚቀጥለው ልጅ ዞረ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ይህ ነው ደስ ያለኝ። ተአምር ተብሎ ቢጨበጨብለት ኖሮ በነጋታው ስሙን ደግሞ የሚል አይመስለኝም።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ከጥንት የታወቀ ነው። የሚንተባተቡ ሰዎች አብዛኞቹ ሲዘፍኑ፣ በምት ሲናገሩ ወይም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲያነቡ አይንተባተቡም። ግን ወላጆች፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዜማው ሲቆም መንተባተቡ ይመለሳል። ሙዚቃ መድኃኒቱ ነው ብሎ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ፤ ልጃችሁን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይየው። ያ ልጅ ከእኛ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። በሳምንት ውስጥ ድምፁ እንደ ማንም ልጅ ድምፅ ያለ ጥበቃና ያለ ከንፈር መጠጣ የሚሰማበት ሰዓት አገኘ።

ቀጥሎ መዝፈን መጣ። እዚህ ላይ ብዙ ቀን ባከነብኝ። ድምፄ ወፍራም ነው። ለጉሮሮዬ በሚመቸኝ ከፍታ ስጀምር ግማሾቹ ወደ ደረታቸው ወርደው ያጉረመርማሉ፣ ግማሾቹ ይጮኻሉ። «ጆሮ የላቸውም» ማለት ይቀላል፤ ብዙ መምህር የሚደመድመውም እንደዚያ ነው። ነገሩ ግን የልጆቹ ጆሮ አይደለም። የጎልማሳ ወንድ ድምፅ ከልጅ ድምፅ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) ያህል ይወርዳል። ያንን ሲሰሙ አንዳንዶቹ ወፍራሙን ድምፅ ራሱን ለመምሰል ይሞክራሉ፣ ሌሎቹ ግራ ይገባቸዋል። ስለዚህ ወንድ መምህራን፣ ዘፈኑን ድምፁ የጠራ አንድ ልጅ ይጀምርላችሁ። ወይም እንደ እኔ ሳታፍሩ ድምፃችሁን አቅጥኑ። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ይለምዱታል።

ከፍታውን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። በእረፍት ሰዓት ውጡና ልጅ ጓደኛውን ከሜዳው ማዶ ሲጠራ አዳምጡ። ስሙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የፊተኛው ከፍ ይላል፣ የኋለኛው ትንሽ ወረድ። ከዚያ ጀምሩ። የሃንጋሪውን የሙዚቃ ደራሲ የዞልታን ኮዳይን መንገድ የሚከተሉ መምህራን ትንንሾቹን የሚያስጀምሩት በዚሁ በሁለት ድምፅ ጥሪ ነው፤ ሶልና ሚ ይሉታል። ያ ሲጠራ ላ ይጨመራል፣ ከዚያ ዶና ሬ። ድምፆቹን በእጅ ምልክት ማሳየትም በጣም ረድቶኛል። ዶ ላይ እጅ ጭብጥ ይሆናል፣ ሚ ላይ መዳፍ ወደ ታች ይዘረጋል፣ ሶል ላይ መዳፍ ወደ ራስ ይዞራል። ድምፁ ሲወጣ እጁም ይወጣል። ሶልፋውን፣ ማለትም ድምፆችን ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያሉ መዝፈኑን፣ በዚህ መልክ ለልጆች ያቀለለችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የነበረች ሣራ ግሎቨር የምትባል መምህርት ናት። የእጅ ምልክቶቹን የጨመረበት ጆን ከርወን ነው። ወጪው ዜሮ ነው። በጀት የለም ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

አሁን ስለሚያናድደኝ ነገር ልናገር። ለወላጆች ቀን መዘምራን ይመረጡ ተባለ። ሌላ ባልደረባ ልጆቹን አሰልፎ አንድ በአንድ አስዘፈነና «ጥሩ ድምፅ» ያላቸውን ለየ። ቁጥር ሊሞላ ስለሚገባ ጥቂቶቹን ደግሞ «እናንተ ቁሙ፣ ግን አፋችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ» አላቸው። ከእነሱ አንዷ የእኔ ክፍል ልጅ ናት። ከዚያን ቀን በኋላ እኔ ክፍልም ውስጥ አፏን ብቻ ታንቀሳቅስ ጀመር። አለመዝፈኗን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ትክክል ታደርገዋለች፤ ከንፈሯ ከግጥሙ ጋር ልክ ይሄዳል።

ስንት ትልቅ ሰው ነው «እኔ ድምፅ የለኝም» የሚለው? ቆፍራችሁ ጠይቁት። መጨረሻው ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። በተፈጥሮው ከፍና ዝቅ ያለ ድምፅን መለየት የሚያቅተው ሰው አለ፤ አሙዚያ ይባላል። ግን ከ100 ሰው ከጥቂት አይበልጥም። ከዚያ ውጪ ያለው ልጅ ያልተለማመደ ልጅ ነው። መለማመጃውን ስንነጥቀው ደግሞ ያልነው ነገር እውነት ይሆናል።

ልጅቷን የመለስናት በዚህ መንገድ ነው። ሌሎች ባሉበት አይደለም፣ በእረፍት ሰዓት ከጓደኛዋ ጋር። «እኔ የምለውን አትበይ» አልኳት። «አንቺ የፈለግሽውን ድምፅ ያዢ፣ ጓደኛሽ ፈልጋ ታገኝሻለች።» አንድ ድምፅ ያዘች፤ ዝቅ ያለች፣ የምትንቀጠቀጥ። ጓደኛዋ ፈልጋ እዚያው ላይ ገባች። ሁለት ድምፅ አንድ ሲሆን ሰውነት ያውቀዋል፤ ልጅቷ ቀና አለች። ከዚያ ጓደኛዋ ትንሽ ከፍ አለች፣ እሷም ተከተለች። አንዳንዴ ደረሰችበት፣ አንዳንዴ ሳተችው። ሲስቱ «ስተሻል» አይባልም፤ «ከፍ አድርጊው» ወይም «ዝቅ አድርጊው» ይባላል። ልጅ የሚያስተካክለው አቅጣጫ ሲነገረው ነው። የሶሎ ዘፋኝ አልሆነችም፤ እንድትሆንም አልፈለግኩም። ዘፈነች፣ በቃ።

ትልቅ ክፍል ላላችሁ ሰዎች ስለ ጩኸት ትንሽ ልበል። የጎረቤት ክፍል መምህር ሁለት ጊዜ በር አንኳኳብኝ፤ እውነቱን ነው። ስልሳ ልጅ ሲያጨበጭብ ግድግዳ አያቆመውም። ያዋጣኝ ነገር ክፍሉን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ ያዳምጣል። አዳማጮቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ሲያልቅ የሰሙትን ይናገራሉ። የት ፈጠኑ? ማን ቀደመ? ሁለተኛው፣ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ መጀመር ነው። በጣት ጫፍ ማጨብጨብ፣ በሹክሹክታ መዝፈን። ልጆች ጩኸትን በራሳቸው ይችሉታል፤ መማር ያለባቸው ዝግታን ነው። ሦስተኛው፣ ከጎረቤት መምህራን ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። የሒሳብ ፈተና ያለበት ቀን እኛ ሜዳ እንወጣለን።

መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። እኛ ጋ ሊመጣ ነው ሲባል ዓመቱ አለቀ። ጠጠር የተጨመረበት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተገለበጠ ባልዲ፣ ሁለት እንጨት ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ጠርሙሱን ከማደላችሁ በፊት መመሪያውን ጨርሱ። በእጃቸው ከገባ በኋላ የምትናገሩትን የሚሰማ የለም። ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ ካገኛችሁ የካርል ኦርፍን ዘዴ ሞክሩ። ጀርመናዊው ሙዚቀኛ ከባልደረባው ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ሲሠራ ልጆቹ የሚጫወቱባቸው መሣሪያዎች እየተመቱ ድምፅ የሚሰጡት እንጨቶቻቸው ወይም ብረቶቻቸው ይነቀላሉ። የማይፈለገው ድምፅ ይነሣና ግማሽ ድምፅ (በጣም የተቀራረቡ የሁለት ድምፆች ርቀት) የሌለባቸው አምስቱ ይቀራሉ። ልጁ በፈለገው ቅደም ተከተል ቢመታ የሚጎረብጥ ነገር አይወጣም። ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ደግሞ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ፈሪ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ የሆነ ነገር ሲጫወት የምታዩት እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ እየሄድን ሳለ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ቀረበና ርእሰ መምህሯ ጠራችኝ። «ይሄን ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማጠናከሪያ እፈልገዋለሁ፤ አንተም ታርፋለህ» አለችኝ። ጥቂት ወላጆችና እኔ ተሰብስበን መከራከሪያ አዘጋጀን። የመረጥነው መከራከሪያ ግን ደካማው ነበር። «ሞዛርት የሚሰማ ልጅ ጎበዝ ይሆናል፣ ሙዚቃ ሒሳብን ያሻሽላል» አልን። ስብሰባው ላይ የነበረው የፊዚክስ መምህር ሳቀ። «ሒሳብን ለማሻሻል ከሆነ ታዲያ ሒሳቡን ብናስተምራቸው አይቀልም?» አለ። መልስ አልነበረንም።

ይህን ወጥመድ እናንተ አትግቡበት። ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት ወጣ። የተጠኑት ሕፃናት ሳይሆኑ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። የሞዛርትን ሶናታ 10 ደቂቃ ሰምተው ቅርፅን በሐሳብ የማገላበጥ ጥያቄ ሠሩ። ውጤታቸው ተሻለ፤ መሻሻሉም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። ከዚህች ተነሥቶ ወሬው አደገና እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ ማደያ በጀት ጠየቁ። ሙዚቃ መማር ከመስማት ይለያል፤ እሱም ቢሆን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የካናዳ ጥናት 144 የ6 ዓመት ልጆችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ ሙዚቃ የተማሩት በአይኪው (የማሰብ ችሎታ) መለኪያ ከሌሎቹ ወደ 3 ነጥብ ገደማ መብለጣቸውን አሳይቷል። ትንሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ 54 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ደግሞ ጥናቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር ይህ ጥቅም ወደ ዜሮ እንደሚጠጋ አገኘ። የፊዚክስ መምህሩ ልክ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ? ሙዚቃ ልጆችን አብሮ ስለሚያሠራው ሥራ የተገኘው ነገር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት የ4 ዓመት ልጆችን ሁለት ሁለት አድርጎ አጫወተ። አብረው እየዘፈኑና ከበሮ እየመቱ የተጫወቱት፣ ያንኑ ጨዋታ ያለ ሙዚቃ ከተጫወቱት የበለጠ እርስ በርስ ተረዳዱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው የአሜሪካዋ ከተማ የሂዩስተን ጥናት ደግሞ 42 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ይዟል። በዕጣ ተመርጠው ተጨማሪ ሙዚቃ፣ ቲያትር፣ ዳንስና ሥዕል ባገኙት ትምህርት ቤቶች የዲሲፕሊን ጥፋት የተመዘገበባቸው ልጆች በ3.6 የመቶኛ ነጥብ ቀነሱ። የጽሑፍ ፈተና ውጤትም ተሻሻለ። ለሌላው ሰው ማዘንም ጨመረ። ርእሰ መምህር ማለት ቀኑን ሙሉ ጥፋት ሲዳኝ የሚውል ሰው ነው። ይህን ቋንቋ ይሰማል።

ሌላው የረዳን የአሜሪካዋ ከተማ የቦስተን ታሪክ ነው። ሎዌል ሜሰን የሚባል ሙዚቀኛ ሙዚቃ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ ብሎ ሲሟገት ገንዘብ የለም ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ ያለ ደመወዝ አስተማረ፤ ልጆቹንም ሕዝብ ፊት አቀረባቸው። በ1838 የከተማዋ የትምህርት ኮሚቴ ሙዚቃን መደበኛ ትምህርት አደረገው። ክርክር ብቻውን አላሳመናቸውም፤ አይተው ነው ያመኑት። እኛም ስብሰባውን ትተን ርእሰ መምህሯን ክፍል ጋበዝናት። የተመረጠ የወላጆች ቀን ዝግጅት አይደለም፣ ተራ ማክሰኞ። በሩ አጠገብ ቆመች። ልጆቹ ስም ጠሩ፣ ሁለት ዘፈን በዙር ዘፈኑ፣ አንድ ቦታ ላይ ተበላሸባቸውና ራሳቸው አቁመው ራሳቸው ጀመሩ። ስትወጣ የጠየቀችኝ ስለ ዘፈኑ አልነበረም። «ዝም በሉ ሳትላቸው እንዴት ቆሙ?» አለችኝ።

ሁሉንም አላገኘንም። ከሁለቱ ክፍለ ጊዜ አንዱ ለሒሳብ ሄደ፣ አንዱ ቀረልን። ለልመና ስትሄዱ ቢያንስ አንድ ቋሚ ክፍለ ጊዜ ጠይቁ፤ «ሲመች» የሚባል ሰዓት አትቀበሉ፣ አይመችም። ፈጣን ውጤትም ቃል አትግቡ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ አቅም ለሌላቸው ቤተሰብ ልጆች በነጻ ሙዚቃ የሚያስተምር ፕሮግራም ላይ በተደረገ ጥናት፣ አእምሮ የንግግር ድምፆችን በሚለይበት መንገድ ላይ ለውጥ የታየው ከ2 ዓመት ትምህርት በኋላ ነው። ከ1 ዓመት በኋላ ምንም አልታየም። አንድ መንፈቅ ዓመት ሰጥቶ «የታለ?» የሚል ሰው ቸኩሏል።

«ለምን በመንግሥት ትምህርት ቤት? የፈለገ የግል አስጠኚ ይቅጠር» ያለኝ ወላጅ ነበር። ቅን ሰው ነው፣ ለመጣላት አይደለም። ግን እስቲ እናስበው። ትምህርት ቤቱ ሙዚቃን ቢሰርዝ ሙዚቃ ከከተማው አይጠፋም። መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ጊታሩንም ፒያኖውንም ይማራል። የሚቋረጠው የሌላው ልጅ ነው፤ የተቋረጠበት መሆኑን እንኳ የማያውቀው። የሚንተባተበው ልጅ ቤተሰብ አስጠኚ አይቀጥርም ነበር። አፏን ብቻ አንቀሳቅሺ የተባለችውን ልጅ ደግሞ ማን «ተሰጥኦ አላት» ብሎ ይከፍልላታል? ኮዳይ በሃንጋሪ የታገለው በየቀኑ ሙዚቃ የሚሰጥበት ተራ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖር ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1950 ኬችኬሜት በምትባል ከተማ ተከፈተ። ቬኔዝዌላ ውስጥ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው እ.ኤ.አ. በ1975 የጀመሩት የወጣቶች ኦርኬስትራ እንቅስቃሴም የደሃ ልጅ ቫዮሊን ይያዝ ብሎ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31ም ልጅ በባህላዊና ኪነ ጥበባዊ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳለው ይላል። መብት ከሆነ ደግሞ በወላጅ ኪስ አይለካም።

ሁለት የወላጅ ቅሬታ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። አንደኛው «ልጄን ዘፋኝ ልታደርጉት ነው እንዴ?» የሚል ነው። ሒሳብ የተማረ ሁሉ ሒሳብ ሊቅ እንዳልሆነ ንገሯቸውና እለፉ፤ አትከራከሩ። ሁለተኛው የእምነት ጉዳይ ነው፤ ይህኛውን በቀልድ አትለፉት። ዘፈን ለእምነቱ የማይስማማው ቤተሰብ አለ። እኔ የዘፈኖቹን ግጥም ትምህርት ሳይጀመር አባዝቼ ወደ ቤት እልካለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ወፍ፣ ስለ ቁጥር የሚያወሩ ናቸው። አብዛኛው ወላጅ ሲያየው ይረጋጋል። ያልተስማማውን ቤተሰብ ልጅ ምቱ ላይ አሳትፈዋለሁ፤ ጭብጨባና ንግግር ማንንም አላስቀየመም። ልጁን በር ላይ አስቁሞ ሌሎቹን ማስዘፈን ግን ቅጣት ነው።

ስለ ማርክም አንድ ነገር። ለድምፅ ውበት ነጥብ አትስጡ። እኔ የምመዘግበው ምቱን ይዞ መቆየቱን፣ ሌላውን ማዳመጡንና ከመጀመሪያው ምን ያህል እንደተራመደ ነው። እርማት የለውም የተባለው ነገር ውሸት ነው፤ ከቋንቋው ይልቅ እሱ ያደክመኛል።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሲመጣ «ምን ተማራችሁ?» ብቻ አትበሉት። «ዛሬ ምን ዘፈናችሁ? እስቲ አሰማኝ» በሉት። በተከታታይ «ጻፍን» ካላችሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። ስትሄዱ «ሙዚቃ ይጠቅማል» እያላችሁ ስብከት አትጀምሩ፤ ጠቃሚ አይደለም የሚላችሁ ሰው አታገኙም። ዝርዝር ጠይቁ። ክፍለ ጊዜው መቼ ነው? ማን ነው የሚያስተምረው? የፈተና ሰሞን ለማን ይሰጣል? መሣሪያ የሚጫወት ወላጅ ካለ በወር አንዴ መጥቶ መምህሩን ያግዝ። ከርእሰ መምህሯ ሌላ ፕሮግራም የሚያወጣውን ሰው አግኙት። ክፍለ ጊዜው የሚሰረዘው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያውም ትምህርት ሳይጀመር፣ ወላጅ ሁሉ በዩኒፎርምና በደብተር በሚዋከብበት ሰሞን።